በወርቅ እጅ ገላ ላይ የተገኙ ሁለት ስፌቶች

ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ የማገገሚያውን ክፍል ልትወለውል ገብታ አሠሪዋን ታካሚ ሆኖ አገኘችው።

አልጋው ላይ በግራ ጎኑ ተኝቷል። የለበሰው ከኋላ በክር የሚታሰረውን፣ ታካሚ ሁሉ የሚያፍርበትን አረንጓዴ ጋውን ነው። ሱሪውና ሸሚዙ ታጥፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ካልሲዎቹም በየጫማቸው ውስጥ ገብተዋል። እስከ አገጩ ብርድ ልብስ ለብሷል። እንዳይወድቅም የአልጋው ብረት በሁለቱም በኩል ከፍ ተደርጓል።

«ዶክተር፣ ከሥርዎ ልወለውል ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

ዶክተሩ ዓይኑን ገለጠ። ሊነሣ ሲሞክር ብሽሽቱን አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘው። ብርድ ልብሱን አነሣ፤ ጋውኑን ገለጠ፤ አየ። ከዚያ በኋላ የጮኸውን ጩኸት መንገድ ማዶ ያለው ጫማ ጠጋኝ ሰምቶ መዶሻውን አስቀመጠ።

መርማሪዋ ስትደርስ ረዳቷ ሃምሳ አለቃ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። በጣቢያው «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ከወንጀለኛው ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ችግሩ የሚደርሰው ሌላ ቦታ መሆኑ ነው።

«ኩላሊት ነው እትዬ» አላት በር ላይ። «ኩላሊቱን ወስደውታል።»

«የተቆረጠው የቱ ጋ ነው?»

«ከፊት። ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኝ።»

«ኩላሊት ያለው እኮ ከኋላ ነው።»

ቶሎቶሎ አሰበ። «መንገዱ ጠፍቷቸው ይሆናል።»

ዶክተሩን ሰፈሩ ሁሉ «ወርቅ እጅ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት በእጁ የወለዱ ሴቶች ናቸው፤ አብዝቶ የሚጠራው ግን እሱ ራሱ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሴቶች ሐኪምና የክሊኒኩ ባለቤት። መርማሪዋ ሃያ ዓመት ሙሉ የተደበደቡና የተወጉ ሰዎችን አነጋግራለች። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቋት «ማነው?» ብለው ነው። ይኼኛው ግን ማንነቱን አልጠየቀም።

«ምን አደረጉኝ?» አላት። «ማን መሆኑ አይደለም አሁን፤ ምን እንደሠሩብኝ ንገሪኝ!»

ቀስ ብላ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ታካሚ ሸኝቶ ቫይታሚን ያለበት ግሉኮስ ይተክላል፤ የሳምንቱን ድካም ያወጣልኛል ይላል። ግሉኮሱን ጠዋት ክሊኒኩን የሚከፍት ሰው አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጥለታል። ማቀዝቀዣው ቁልፍ የለውም። የዛሬውን ያዘጋጀው ሰመመን ሰጪው ነው። ሠራተኛው በሙሉ ሥልጠና ላይ ስለሆነ ክሊኒኩ ባዶ ነበር፤ ዘበኛው ከፊት በኩል ነው፣ ከኋላ ደግሞ የልብስ ማጠቢያው በር አለ። ወርቅ እጅ መርፌውን ራሱ ሰክቶ ጋደም አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ጽዳቷን ነው።

የፖሊስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት ቁርጥ፣ እያንዳንዳቸው በሦስት በሦስት ክር የተሰፉ። ቆዳው በሥርዓት ታጥቧል። ቁስሉን የሸፈነው ጎዝ የተያዘው ሳስ ባለ የወረቀት ፕላስተር ነው። ያገለገሉት መሣሪያዎችም ታጥበው መዘፍዘፊያው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ዕቃ አጥቦ የሚሄድ ወንጀለኛ!» አለ ቶሎቶሎ። «እኔ ቤት ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

«በዚህ ቦታ ምን ይሠራል?» አለች መርማሪዋ።

የፖሊስ ሐኪሙ አገጩን አሸ። «ምንም ሳይሠሩ መስፋትም ይቻላል። በዚህ በኩል ገብቶ የዘር ቱቦውን መቋጠርም ይቻላል።»

ወርቅ እጅ ፊቱ ሲነጣ የትራሱን ልብስ መሰለ። ከመጀመሪያ ሚስቱ አልወለደም። ሁለተኛዋን ካገባ ዐሥራ አንድ ወሩ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጣቷን የምትነክሰው እሷ ናት። ልጅ ይፈልጋሉ። ሁለቱም አብዝተው ይፈልጋሉ።

«ይታወቃል አይደል? በምርመራ ይታወቃል?»

«እርስዎ ያውቁታል እኮ ዶክተር። እብጠቱ ሳይጎድል በመሣሪያ ጠርቶ አይታይም። ዘርዎን ብንመረምረው፣ ተቋጥሮም ቢሆን የቀረው እስኪያልቅ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ ያሳስተናል። አሁኑኑ ካሉ ሰመመን ሰጥቼ እከፍትና አያለሁ።» ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ወርቅ እጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦፕራሲዮን ፈቃድ ቅጽ ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«የሚከፍተው ማነው?»

«እኔ።»

«ሰመመኑንስ ማነው የሚሰጠኝ? ስንት ዓመት ሠርቷል? እዚህ ጋ ‹ሌላም አስፈላጊ ሆኖ የተገኘ ሕክምና› ይላል፤ አስፈላጊ ሆኖ የተገኘው ለማን ነው?»

«ዶክተር፣ ይኼ የእርስዎ ክሊኒክ ቅጽ ነው። ከመሳቢያዎ ነው ያወጣሁት።»

«ሳላውቅ ተኝቼ...» አለና ወርቅ እጅ ወረቀቱን በደረቱ ላይ አስቀመጠው። አርባ ደቂቃ አሰበ። አልፈረመም።

* * *

እሑድ ጠዋት ቶሎቶሎ ወንጀለኛውን ይዞ መጣ፤ ቢያንስ አድራሻውን።

«ልብስ ሰፊ ነው እትዬ!» አላት፤ ደስታው መኪናውን ሞላው። «ስፌት! ገባሽ? ከሁለት ሳምንት በፊት ክሊኒኩ መጥቶ ‹ስድስት ዓመት ሙሉ ቀለድክብን› ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል። የእንግዳ ተቀባይዋ ቃል ነው።»

ልብስ ሰፊውን «ሚሊሜትር» ይሉታል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛና አንድ ሰው ሙሉ ቁመቱን የሚያይበት መስተዋት አለው። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰማቸው።

«ጮኼያለሁ» አለ። «አሁንም ብትፈልጉ እጮሃለሁ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን እሱ ጋ በኦፕራሲዮን ወለደች። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ብንል እንቢ አለ። ስድስት ዓመት ክኒን ሰጣት። በቀደም ዕለት ራሷን ስታ ወደቀች። ምንድነው የምትሰጣት ስለው ‹አንተ ሱሪህን ስፋ› አለኝ።»

«ታዲያ ሰፋኸው?» አለ ቶሎቶሎ ዓይኑን አጥብቦ።

ሚስትየዋ ከጥግ ሆና «እሱ ደም ሲያይ ይወድቃል» አለች። «ስወልድ እኔን ትተው እሱን ነው ያስተኙት።»

«ይኼን እዚህ ምን አመጣው?» አላት ሚሊሜትር።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለች መርማሪዋ።

«እዚሁ። የባንክ ጥበቃዎችን ሱሪ ስለካ ዋልኩ። ሃያ ሁለት ናቸው። መሣሪያ ይዘው ነው የመጡት፤ ብጠፋ ኖሮ ያገኙኝ ነበር።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች፤ ስፌቱ ብቻ የሚታይበትን። «እንደ ባለሙያ እየው እስቲ።»

ሚሊሜትር ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቀረበ። ሥራ ሲያይ የሰውዬው ፊት ይለወጣል። «ልኩ ልክ ነው። ርቀቱ እኩል ነው፣ ግራውና ቀኙ አይበላለጥም። ግን የሰፊ እጅ አይደለም። ሰፊ ሰው ክር አይፈራም፤ ይኼ ፈርቷል። ብዙ ጊዜ ሲሰፋ ቆሞ ያየ፣ ራሱ ግን ያልሰፋ ሰው ነው። ደግሞ ጫፉን ረጅም አድርጎ ነው የተወው፤ አየሽው? የሚተረትረው ሰው እንዳይቸገር አስቦ ነው።»

«ለሚተረትረው ያሰበ» አለች መርማሪዋ ለራሷ።

ሲወጡ ሚስትየዋ በሩ ድረስ ተከተለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ዶክተሩ ሥራ ይመለሳል ወይ? ክኒኔ ሐሙስ ያልቃል» አለቻት። «አንድ ቀን እንኳ አሳልፌ አላውቅም። ካቋረጥሽ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው ብሎኛል።»

መርማሪዋ የክኒኑን ብልቃጥ ለአንድ ቀን አውሺኝ አለቻትና ለፖሊስ ሐኪሙ ላከችው።

* * *

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ቅዳሜ የት ነበራችሁ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። ሥልጠና። የአቴንዳንሱ ወረቀት ቀረበ፤ አናቱ ላይ «የጤና ባለሙያዎች መሠረታዊ የሕግና የሥነ ምግባር መርሆዎች» ይላል። ከሥሩ ዐሥራ ዘጠኝ ስም፣ በየስሙ ትይዩ የጠዋትና የከሰዓት ፊርማ።

«ሁሉም ንጹሕ ነው» አለ ቶሎቶሎ አዝኖ።

ሰመመን ሰጪው ሲገባ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆኑን አውቆ ነው የገባው። ግሉኮሱን ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ሰው ማስተኛት ደግሞ እንጀራው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ደህና እደር» ይሉታል።

«ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ስለ ምን ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«ስለ... ምስጢር መጠበቅ።»

«ስለ ምስጢር መጠበቅ ምን ተባለ?»

ደህና እደር ጣሪያውን አየ። «ምስጢር ስለሆነ ባልናገር ደስ ይለኛል።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ወደሱ አዞረች። «ተራ ቁጥር አንድ ላይ የፈረመው ማነው?»

«ዶክተሩ ናቸው።»

«የከሰዓቱንም?»

«አዎ፣ የ...» አለና ቆመ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ ማገገሚያ ክፍል ተቆርጠው ተኝተዋል። ፊርማቸው ግን ሥልጠና ላይ ነበር። ፊርማው ከባለቤቱ ይልቅ ትጉህ ነው ማለት ነው?»

ደህና እደር ተነፈሰ። «የዶክተሩን ዓርብ ነው ያስፈረምናቸው። እኛም ጠዋት ስንገባ ሁለቱንም ፈረምን። ጨዋታ ነበር፤ ኳስ ማሳያ ቤት ነው የዋልኩት። አርባ ሰው አይቶኛል፤ ስንሸነፍ ስሳደብ ሰምተውኛል።»

«ከሰዓት ማን ተመለሰ?»

«እኔ ሳልመለስ የተመለሰውን በምን አውቃለሁ? እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ቀድሞ ነው የሚፈረመው። ታካሚም በር ላይ ፈርማ ነው የምትገባው። ምን እንደሚሠራላት ኋላ ይሞላል።»

«ባዶ ወረቀት ላይ ትፈርማለች?»

«ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን ታነባለች ብለሽ ነው?»

የኳስ ቤቱ ባለቤት ለደህና እደር መሰከረለት፤ ስድቡን ጭምር ቃል በቃል ደገመላቸው። መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ስትከት ዐሥራ ዘጠኝ ማስረጃ በአንድ ጊዜ ዜሮ ሆነ። የቀራት ያ ሳስ ያለው የወረቀት ፕላስተር ነው። የክሊኒኩን ቁም ሳጥን ከፈተች። ውስጡ የተለመደው ወፍራም ፕላስተር እስከ አፉ ሞልቷል። የወረቀት የሚባል አንድም የለም። ያደረገው ሰው ከደጅ ገዝቶ ነው የመጣው።

ወርቅ እጅ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ወደተኛበት ሆስፒታል ቀጥታ ሄደች።

«ዶክተር፣ ተራ ፕላስተር ይጎዳዎታል?»

ወርቅ እጅ ከትራሱ ቀና አለ። «ማነው የነገረሽ?»

«ያቆሰልዎት ሰው።»

ሚስቱ ከወንበሯ ዘወር አለች። «እኔ እንኳ አላውቅም» አለች።

«ያቆጠቁጠኛል፣ ያቆስለኛል» አለ እያፈረ። «ሐኪም ሆኜ ፕላስተር አይችልም ልባል? ከሦስት ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቴን እዚያው ክሊኒክ ሲያወጡልኝ ነው የታወቀው። ፋይሌ ላይ አትጻፊው ብያታለሁ።»

«ማንን?»

መልሱ ከአፉ ሳይወጣ ፊቱ ላይ ደረሰ። «ሲስተርን» አለ። «ያስታመመችኝ እሷ ናት። ግን ሲስተር... ሃያ ዓመት መሣሪያ ስታቀብለኝ የኖረች ሴት ናት!»

ሃያ ዓመት ቆሞ ሲሰፋ ያየ ሰው፤ አለች መርማሪዋ በልቧ።

* * *

ሲስተር በሩን የከፈተችው ሳይንኳኳ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለጡረታ ሦስት ወር ቀርቷታል። ሹራቧን ደርባለች፤ ትንሽ ሻንጣ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ቶሎ ትመጣላችሁ ብዬ ነበር» አለች። «ግቡ፣ ልጆቼ። ቁስሉ አመረቀዘ?»

«ደህና ነው።»

«ይመስገን።»

ቶሎቶሎ ካቴናውን አውጥቶ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት መልሶ ከተተው።

«ምን አደረጉት ሲስተር?» አለች መርማሪዋ።

«እሱን አልናገርም። ገላው ላይ ቢላ ካሳረፍኩ ጀምሮ ታካሚዬ ነው። የታካሚዬን ጉዳይ ለሦስተኛ ሰው አላወራም።» አነጋገሯ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ለምን እንዳደረግሁት ግን እናገራለሁ።»

ተናገረች። ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ ጠዋት ሁለት ሴቶች ለኦፕራሲዮን ገቡ። አንዷ አምስተኛዋን ልትወልድ፣ በዚያው ማኅፀኗን አስቋጥራ ልትወጣ ጠይቃ የመጣች ናት። ሌላዋ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው የገባችው። ሁለቱም በር ላይ ባዶ ቅጽ ፈርመዋል፤ ኋላ ሲሞላ ወረቀቶቹ አልጋ ተለዋወጡ። ወርቅ እጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደውን አስቀድሞ አዋልዶ ቋጠራት። ያወቀው አምስተኛዋን የምትወልደው ገብታ «እንዳትረሱኝ፣ እንዳትረሱኝ፣ ቋጥሩኝ ብያለሁ» ስትል ነው።

«ጓንቱን እስኪያወልቅ ድረስ ዝም አለ» አለች ሲስተር። «ሰው ነው፤ ይሳሳታል። እኔም አለሁበት፤ ወረቀቱን ሳላነብ ነው መሣሪያውን ያቀበልኩት። ያን ቀን ቢነግራት እግሯ ላይ ወድቄ አብሬው አለቅስ ነበር። እሱ ግን መዝገቡን ቀደደው። አዲስ ጻፈና ምስክር ብለሽ ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ። ‹የታካሚ ምስጢር ነው፤ ትንፍሽ ብትይ ፈቃድሽን ያነሡታል› አለኝ። ምስጢሩ የእሱ ሳይሆን የሷ እንደነበረ አጥቼው አይደለም። ፈራሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጅ ፈልጋ ተመልሳ መጣች። እውነቱን እያወቀ ክኒን አዘዘላት። በመስኮት የምሰጣት እኔ ነኝ። ‹ሲስተር፣ በዚህ ወር ይሳካ ይሆን?› ትለኛለች።» እዚህ ላይ የሲስተር ድምፅ ደረቀ። «ሦስት ጊዜ ንገራት አልኩት። በመጨረሻ ሳቀ። ‹ምን አጣች? ተስፋ አላት እኮ› አለኝ። ያን ቀን ቆረጥኩ። ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መኖር ምን እንደሚመስል ይቅመሰው አልኩ። ሥልጠናው ላይ ጠዋት ፈረምኩ። በምሳ ሰዓት ከኋላ በር ገብቼ ግሉኮሱ ላይ መድኃኒት ጨመርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ትንፋሹን እየቆጠርኩ ሠራሁ፤ ደህና መተኛቱን ሳላይ አልወጣሁም።»

ከሹራቧ ኪስ የታሸገ ኤንቨሎፕ አወጣች። «ያደረግሁትን እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ። የምትሰጡት ለሷ ነው። መጀመሪያ ግን እሱ በገዛ አፉ ይንገራት። እሷ አንብባ፣ ልንገረው ካለች ትንገረው። አልነግረውም ካለችም መብቷ ነው።»

«ማስረጃ ነው ሲስተር። እከፍተዋለሁ።»

«ክፈቺው። የሙያ ፈቃዴም እዚያው ውስጥ አለ። ካሁን በኋላ አይገባኝም።»

ሲስተርን ጣቢያ ካደረሱ በኋላ መርማሪዋ መኪናው ውስጥ ሆና ከፈተችው። በንጹሕ የሕክምና መዝገብ አጻጻፍ፣ ሰዓቱና የልብ ምቱ ሳይቀር ሰፍሯል። ዋናው ነገር አንድ መስመር ነው፦ «ቆዳ ብቻ ተቆርጦ ተሰፍቷል። ከቆዳ በታች ምንም አልተነካም።»

ቶሎቶሎ በትከሻዋ ላይ አነበበ። «ደህና ነዋ ሰውየው!» አለ። ከዚያ መኪናውን እያስነሣ፣ «እትዬ፣ የሆስፒታሉ መንገድ ተጨናንቋል፤ በዙሪያው ብንሄድ ይሻላል። ረጅሙን» አለ።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪዋ ስትገባ ወርቅ እጅ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሌሊት አልተኛም። ሲስተር ያለችውን ነገረችው፤ የሴትየዋን ጉዳይ ስትጠራ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

«ወረቀቱ ኪስሽ ውስጥ ነው!» አለ። «ተጎጂው እኔ ነኝ! የተሠራብኝን የማወቅ መብት አለኝ!»

«አለዎት። እሷም ነበራት። ክኒኑን አስመርምሬዋለሁ፤ ቫይታሚን ነው። አሁን ሁለት መዝገብ ይዤ ነው የመጣሁት ዶክተር፤ ባንዱ ተበዳይ ነዎት፣ በሌላው ደግሞ ተከሳሽ። ቃልዎን የመስጠትም ሆነ ዝም የማለት መብት አለዎት። ሴትየዋ ውጭ ናት። ዛሬ ከእርስዎ ካልሰማች ከእኔ ትሰማለች።»

«ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እታሰራለሁ።»

ሚስቱ ከወንበሯ ተነሣች። «የትኛዋ ሴት ናት?» አለች። ወደ አልጋው ቀርባ፣ «ንገራት» አለችው። «ካልነገርካት እኔም ምን እንደደበቅከኝ እያሰብኩ ካንተ ጋር አላድርም።»

ሚሊሜትርና ሚስቱ ገቡ። ሴትየዋ የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሐኪም ቤት ስትመጣ ሁሌ እንደዚያ ነው። ወርቅ እጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በወሊድሽ ወቅት... በሂደቱ ላይ ያልታቀደ ውጤት...»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ» አለችው።

ወርቅ እጅ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ሳበ።

«ቋጠርኩሽ» አለ። «የሌላ ሴት ወረቀት ነበር። በስህተት ነው። ያንኑ ዕለት አውቄዋለሁ። ደበቅሁት።»

«ክኒኖቹስ?»

«ቫይታሚን ናቸው።»

ሚሊሜትር አንድ እርምጃ ወደ አልጋው ሄደ፤ ቶሎቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ሰዓት ደረሰና ክንዱን ያዘው። ሴትየዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ ወረቀቱን ሰጠቻት። ከመስመሩ ሥር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለተኛ አነበበች።

«ምን ይላል?» አለ ወርቅ እጅ። አንሶላውን ጨብጦ ወደሷ ተንጠራራ። «እህቴ፣ ስለ ፈጣሪ፣ አንድ ቃል ብቻ! ተቋጥሬያለሁ?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደርቋል።

«አትጨነቅ ዶክተር» አለችው በለሰለሰ ድምፅ። «ጭንቀት ለዚህ ነገር ጥሩ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልከኝ ይኼንኑ ነው።» ወረቀቱን አጥፋ ለመርማሪዋ መለሰችላትና ባሏን ይዛ ወጣች። የወርቅ እጅ ሚስትም ጃኬቷን አንሥታ ተከተለቻቸው፤ ወደ ኋላዋ አላየችም።

መርማሪዋ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበች። ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችው። «አሁን ያሉትን ይጻፉ፤ ከፈለጉ ነው። ሲጨርሱ ያንብቡት፤ ከዚያ ይፈርሙ። በዚህ ቅደም ተከተል።»

«ከጻፍኩ ትነግሪኛለሽ?»

«ባይጽፉም እነግርዎታለሁ። ሕጉ ያዘኛል።» ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች። ትናንት መኪናው ውስጥ ሆና፣ ይኼን ነገር ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ብረሳው ብላ ተመኝታ ነበር። «ቆዳ ብቻ ነው ዶክተር። ከቆዳ በታች ምንም አልነካችም።»

ወርቅ እጅ ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ወረደ፤ ከንፈሩ ለምስጋና ተላቀቀ። መርማሪዋ ያን እፎይታ ላለማየት ልትነሣ ስትል ዓይኑ ድንገት ተገለጠ።

«በምን አውቃለሁ?» አለ።

«ምኑን?»

«እውነት መሆኑን! ወረቀት ነው። ወረቀት ላይ እኮ የተሠራው ሌላ፣ የሚጻፈው ሌላ...» ቃሉን ራሱ ሰምቶ አቋረጠው። ግን ማቆም አልቻለም፤ እጅጌዋን ያዘ። «ዋሽታ ቢሆንስ?»

መርማሪዋ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ሲስተር ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደዋሸች ነው የማውቀው» አለችው። «ያን ጊዜም ያዘዟት እርስዎ ነበሩ።»